ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

በሰሜን ሸዋ ፈጣን እግርና ፈጣን አእምሮ አብረው የተሰጡት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ሩጫው ወይስ ትምህርቱ? ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አባት ይጠይቃል፣ አሰልጣኝ ይጠይቃል፣ የክፍል ኃላፊው መምህር ይጠይቃል፤ ሁሉም ለልጁ አስበው ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ተረቱ ከተነሣ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ አንዱን ይመርጣል። ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ለልጁ ስለሚከብደው ብቻ አይደለም፤ ሊመልሱት የሚገባቸው ሌሎች ሰዎች ሆነው ሳለ በልጁ ጫንቃ ላይ የተጣለ ስለሚመስለኝ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ሳንባውና ደሙ ይህን እጥረት ለምደው ያድጋሉ። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር ሲደረስ ደግሞ ምድሩ በድንገት ይሰበራል፤ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ እግረኛውን በአንድ ቀን ውስጥ ከብርዱ አውጥቶ ከሙቀቱ ያገባዋል። በገበያ ቀን ሸክም ይዛ ያን ዳገት የምትወጣ ሴት አንድ አሰልጣኝ ሊያዝዘው ከሚችለው ሁሉ የሚከብደውን ልምምድ ሠርታ ቤቷ ትገባለች፤ ማንም ግን ሰዓት ይዞ አልጠበቃትም። ሯጯ ጌጤ ዋሚ የወጣችው ከዚሁ ምድር፣ ከቻቻ ነው፤ አበበ ቢቂላ ደግሞ ከመንዲዳ አቅራቢያ ካለችው ከጃቶ።

ሩጫ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ያውም የራሱን ጊዜ መርጦ። የደብረ ብርሃን ሯጮች የሚወጡት ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ከሚበረታው ነፋስ ይህ ይሻላል። ረጅም ሩጫ ባለበት ቀን ልጁ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ታጥቦ፣ ቁርስ ከተገኘ ቀምሶ፣ 2 ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል ሰልፍ ላይ መቆም አለበት። ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዐይኑ ይከብዳል። መምህሩ ያየው የሚተኛ ተማሪ ነው፤ ጠዋት ያ ልጅ የት እንደ ነበረ አያውቅም። አሰልጣኙ በበኩሉ ማታ የሚያየው የደከመ ሯጭ ነው፤ ቀን ሙሉ በፊዚክስ ቀመር ሲታገል እንደ ዋለ አይነገረውም። በሁለቱ መካከል ያለውን ሙሉ ቀን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ ሸራ በእጃቸው ይዘው፣ ነፋስ እየገፋቸው ማዕበል ላይ የሚወዳደሩ ወጣቶች አሉ፤ ስፖርቱ እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ በኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል። ከእነርሱ መካከል በትምህርታቸውም ፊት የሚቆሙት ስለሚሸከሙት ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። ነፋስን ቀጠሮ ማስያዝ አይቻልም፤ ሲመጣ ውኃ ላይ ያልተገኘ ያ ቀን አመለጠው ማለት ነው። ፈተናም የተቀጠረበትን ቀን አይለውጥም። ልጁ ሁለቱ በሚጋጩበት ቦታ ቆሞ ራሱን ይወቅሳል። እኔ ግን ይህን የስንፍና ወይም የጥንካሬ ጉዳይ አድርጌ ማየት አልችልም። ከሁለት ቀጠሮ አንዱ መንቀሳቀስ አለበት፤ ነፋሱ አይንቀሳቀስም፣ ጎሑም አይንቀሳቀስም። ሊንቀሳቀስ የሚችለው ሰው የሠራው ሰዓት ነው።

የሚገርመኝ ሩጫና ትምህርት በዚህች አገር መጀመሪያ አንድ መንገድ የነበሩ መሆናቸው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሆኖ በአርሲ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ በብብቱ ደብተር ይይዝ ስለ ነበር ዓለምን ባሸነፈበት ዘመን ሁሉ ግራ ክንዱ እንደ ታጠፈ ይሮጥ እንደ ነበር የሚያውቀው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ኢትዮጵያ ምርጥ ሯጮች አስተዳደግ የወጣ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ ከማራቶን ሯጮቹ መካከል የአርሲና የሸዋ ተወላጆች ከሕዝብ ቁጥራቸው በላይ በዝተው ተገኝተዋል፣ ከሌላው ሰው ይልቅም ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ እየሮጡ ይሄዱ ነበር። እግሩን የሠራው የትምህርቱ ጥማት ነው ማለት ነው። እናት «እንዳትዘገይ!» ብላ ከደጅ ስትሸኝ የመጀመሪያዋ አሰልጣኝ ሆናለች፤ የመጀመሪያው የሩጫ ሜዳም ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ነው። ታዲያ መጨረሻው እንዴት ባላንጣነት ሆነ?

ከዚያም ወደ ኋላ ብሄድ የአብነት ትምህርት ቤቱን አገኛለሁ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመንደር መንደር ሲዞር የሚውለው እንጀራ ለመለመን ብቻ አይደለም፤ እየሄደ ያጠናል። ቅኔ የሚቆጥረው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ብርዱን ችሎ፣ ሆዱ ሳይሞላ ነው። አቋቋም የሚባለው ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ያ ትምህርት ያለ ሰውነት የለም፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የእግሩ አጣጣል፣ ከወገብ ዝቅ ማለቱ ሁሉ በዓመታት ድግግሞሽ ወደ አጥንት ይገባል። ወረቡ የሚጸፋበት ጊዜ ሲደርስ ደብተራው የሚያስበው በጭንቅላቱ ይሁን በትከሻው ለይቶ መናገር ይቻላል ብዬ አላምንም። እንዲህ ያለ ትምህርት ያፈራ ሕዝብ «ሰውነትና አእምሮ በየራሳቸው ይሂዱ» የሚል ሐሳብ ከራሱ ጎተራ ሊያወጣ አይችልም።

መለያየቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ ያደጉት በሠራዊቱ፣ በፖሊሱና በማረሚያ ቤቱ ክለቦች ነው፤ ቀጥሎም ባንኩና ሲሚንቶ ፋብሪካው መጡ። ክለብ መግባት ማለት ደመወዝ ማግኘት ማለት ነው፤ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክለቦቹ ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ ሜዳልያ ባልመጣ ነበር፤ ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው። ግን ከዚሁ ጋር አንድ ልማድ አብሮ መጣ፦ ስፖርቱ የሥራ ነው፣ ትምህርቱ የተማሪ ነው። ልጁ ክለብ ሲገባ ከክፍሉ ይወጣል፤ በክፍሉ ሲቆይ ክለቡ ያልፈዋል።

ኬንያ ውስጥ ኢተን የምትባል ከተማ አለች፤ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያህል ነው፣ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ትላለች። እዚያ ባለው በቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ወንድም ኮልም ኦኮኔል የሚባሉ አየርላንዳዊ የጂኦግራፊ መምህር መጡ። ስለ ሩጫ የተማሩት ነገር አልነበረም፤ ግን ጠዋት የሚሮጡትን ልጆች ቀን ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ፒተር ሮኖ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ የ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀ፤ ዕድሜው 21 ነበር። እኔ የምቀናው በሜዳልያው አይደለም። የምቀናው አሰልጣኙና መምህሩ አንድ ሰው ስለ ነበሩ ነው፤ ልጁ የደከመ ለት ለምን እንደ ደከመ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

የእኛም ሰው በዚህ መንገድ ያለፈ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006ቱ የቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ላይ የተንሸራተተው ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው አሜሪካ ነው፤ ስፖርቱንም ትምህርቱንም ይዞ የቆየው በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ነበር። በአገሩ በረዶ የለም፤ ነገር ግን በዚያ ዩኒቨርሲቲ «ሸርተቴው ወይስ ትምህርቱ?» ብሎ አንዱን እንዲተው የሚያስገድደው አልነበረም፤ አንዱ የሌላው ደጋፊ ሆኖ ተሠርቶለታል።

ወደ ሰሜን ሸዋ ልመለስ። በዚህ ዘመን ጥያቄው ለምን እንደ ከፋ አውቃለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ አባት ልጁ በጠዋት ቱታ ለብሶ ሲወጣ ቢቆጣ ምን ይፈረድበታል? በሌላ በኩል፣ ያን ያህል ጠባብ በር ፊት የቆመ ልጅ በእግሩ የሚከፈት ሌላ በር ሲያይ ወደዚያ ቢሮጥስ? በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተፈናቀለ ወገን መጠለያ ሆናለች። ደወሉ ባልተደወለበት መንደር «ሚዛን ጠብቁ» ብሎ መምከር ይከብደኛል። ክፍል በተዘጋባቸው ወራት አንዳንዱ ልጅ በየቀኑ የሚይዘው ሥርዓት ብሎ የቀረው ሩጫው ብቻ ነበር፤ ይህን አስቤ ሩጫን የትምህርት ሌባ አድርጎ መክሰስ አቃተኝ።

ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ሦስት ነው፤ ሩጫ፣ ትምህርት፣ ቤት። ውኃው፣ ኩበቱ፣ የታናናሾቿ እራት አለ። ወንድሟ ከልምምድ ሲመጣ «ደክሞታል» ተብሎ ይተዋል፤ እርሷ ስትመጣ «የት ቆየሽ?» ትባላለች። አንዲት እናት ለልጇ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ከቤት ከወጣ ማን ይመልሰዋል?» ስትላት፣ ልጅቱም «እማዬ፣ እግሬ እኮ ነው የሚያስተምረኝ» ስትል ሰምቻለሁ። ከመልሷ ይልቅ የእናትየው ዝምታ ነው የከበደኝ። ያቺ እናት ሩጫን አልጠላችም። የፈራችው መንገዱን ነው፣ ጨለማውን ነው፤ ልጇ ሁለቱንም ይዛ ሁለቱም ከእጇ እንዳይወድቁ ነው። ፍርሃቷም መሠረት አለው። ከሚሮጡት መካከል ማናጀር የሚያገኘው፣ ውጪ ወጥቶ ሰዓት የሚያመጣው ጥቂት ነው። ቀሪው በሃያ ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ወይም ማጣሪያ ሳያልፍ ቀርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደብተሩ ከተዘጋ አምስት ዓመት አልፎታል። ስለ እንዲህ ያለው ልጅ የሚጻፍ ዜና የለም።

ሁለቱን መያዝ ለመሆኑ ይቻላል ወይ ለሚለኝ፣ የምመልሰው ከውስጣቸው ጠባይ ተነሥቼ ነው። ሩጫም ጥናትም የሚያድጉት ሥራው ላይ እያሉ ብቻ አይደለም። ሯጭ በልምምድ ጡንቻውን ያደክማል፤ ጡንቻው የሚጠነክረው ሲተኛ ነው። ተማሪም ቀን ያነበበው ነገር በአእምሮው ቦታውን የሚይዘው ሌሊት በእንቅልፍ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የሁለቱ እውነተኛ የጋራ ንብረት እንቅልፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንሰርቀውም እርሱን ነው። «ሌሊት አጥና፣ ጠዋት ሩጥ» ብሎ ልጅን ማበርታት ከሁለቱም ጎተራ መዝረፍ ነው።

ጌጤ ዋሚን በዚህ ረገድ አስባታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪል ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ አገኘች። ለዚህ ሐሳቤ የሚረዳኝ ግን በ2007 የሠራችው ነው። መስከረም ወር ላይ በርሊን ማራቶንን አሸነፈች፤ ከ35 ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ሮጣ ሁለተኛ ወጣች፤ በዚህም የታላላቅ ማራቶኖችን የሁለት ዓመት የነጥብ ውድድር አሸናፊ ሆነች። በአምስት ሳምንት ውስጥ አዲስ ብርታት መገንባት አይቻልም፤ ያለውን ማዳን ብቻ ነው የሚቻለው። ሁለተኛውን ማራቶን የሚያስችለው ከመጀመሪያው በኋላ ያለው ዕረፍት ነው። ልጆቻችንን ከሥራ ወደ ሥራ ስንነዳቸው ይህን የመሰለ ትዕግሥት አናስተምራቸውም።

ሌላም የሚያዛምዳቸው ነገር አለ፤ ቀስታ። ብዙ ሰው ሯጭ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚሮጥ ይመስለዋል። አብዛኛው ልምምድ ግን ቀላል ሩጫ ነው፤ ከፊት ያለውን ሰው ጫማ እያዩ፣ ሳይቸኩሉ፣ በየቀኑ። ሒሳብም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ ሠርቶ በሃያ አንደኛው የሚገባው ተማሪና አንድን ዳገት ሲመላለስበት ከርሞ አንድ ቀን ትንፋሹ ሳይቆረጥ የሚወጣው ሯጭ አንድ ዓይነት ደስታ ነው የሚያውቁት። ሁለቱን አብሮ የያዘ ልጅ ይህን ከሁለት አቅጣጫ ይማረዋል። ሯጭ ሆኖ ሽንፈትን የለመደ፣ በፈተና አንድ ጊዜ ቢወድቅ የዓለም መጨረሻ አይመስለውም። ተረቱን እያከበርኩ እዚህ ላይ ብቻ እለየዋለሁ፤ ሁለት ዛፍ ነው ያልነው የአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል።

ያም ሆኖ ዋጋ የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1954 ኦክስፎርድ ላይ አንድ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በታች፣ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ የሮጠው ሮጀር ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ነበር። ለንደን ውስጥ ባለ ሆስፒታል ትምህርቱን እየተከታተለ በምሳ ሰዓት ወጥቶ ይለማመድ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ አራተኛ ወጥቶ አዝኖ ነበር። ስሙን ሁሉ ሰው ካወቀው በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በ25 ዓመቱ ሩጫውን ተወ፤ የነርቭ ሐኪም ሆኖ ኖረ፣ ከሪከርዱ ይልቅ በሕክምና ሥራው ይኮራ ነበር። የእርሱን ታሪክ ለእኛ ልጆች እንደ አርአያ ብቻ መንገር ግን ትክክል አይመስለኝም። ባኒስተር ሲሮጥ ከሩጫው እንጀራ የሚጠብቅ ቤተሰብ አልነበረበትም፤ የቻቻና የአንኮበር ልጅ አለበት። የእርሱ ምሳ ሰዓት ምሳ ነበረው።

ከታሪኩ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አብሮ የያዘው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ከዚያ መረጠ። ሁለቱን መያዝ የዕድሜ ልክ ሸክም መሆን የለበትም። ከአሥራ አራት እስከ ሃያ፣ ምናልባት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁለቱም በር ተከፍቶ ቢቆይ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ሩጫውን መርጣ ደብተሩን ብትዘጋ፣ ወይም ጫማዋን ሰቅላ ምህንድስና ብትገባ፣ በደንብ የምታውቀውን ነገር ነው የምትተወው። በአሥራ አራት ዓመቷ ግን የምትተወውን ገና አታውቀውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር በዝርዝር ሲታይ አያስፈራም። ደብረ ብርሃን የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አላት፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የአርበኛው የኃይለ ማርያም ማሞን ስም የያዘ አንጋፋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት። ሁሉም በአንድ ከተማ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ናቸው። ጠዋት የሚለማመዱ ልጆች በከሰዓት ፈረቃ ይመደቡ። ውድድርና ፈተና በአንድ ሳምንት ሲገጥሙ ልጁ የሚፈተንበት ሌላ ቀን አስቀድሞ ይታወቅ። ከልምምድ በኋላ አንድ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት ይኑር። ክለብ ታዳጊ ሲያስፈርም «ትምህርቱን ይቀጥላል» የሚል መስመር ውሉ ላይ ይግባ፤ የሚከታተለውም ሰው ይሰየም። ወጣቶቹ በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩባቸው ውድድሮች ብዙ ጊዜ በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይውላሉ፤ ፈተናውም ወደዚያው ይጠጋል፤ ስለዚህ ስለ ቀኑ መነጋገር የሚገባው መስከረም ላይ ነው። አሰልጣኙና መምህሩ የየራሳቸውን የጊዜ ሰሌዳ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ ልጁንም አብረው ይጥሩት፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛም ይጠይቁት።